ራፍቲንግ ለጀማሪ፦ የሎወር ያክን ነጭ ውኃ ደረጃ በደረጃ ማለፍ

ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ተነስተን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወዳለችው ኦሃዮፓይል አብረን ከሄድን ወዳጆቼ መካከል ብዙዎቹ የመጀመሪያው ነጭ ውኃ ላይ፣ ማለትም ወንዙ በድንጋዮች መካከል አረፋ እየደፈቀ በፍጥነት የሚወርድበት ቦታ ላይ፣ ከጎማ ጀልባው ወድቀዋል። እኔም ወድቄያለሁ። ጉልበት አንሶን አይደለም፤ ኳስ የሚጫወቱና ጂም የሚመላለሱ ልጆችም ወድቀዋል። የወደቅነው ሰውነታችን ያዘዘንን ስላደረግን ነው። ሰው ሲፈራ መቅዘፊያውን ያነሳል። ድንጋይ ሲመጣበት ወደ ኋላ ይሸሻል። ውኃ ውስጥ ሲገባ በእግሩ መሬት ይፈልጋል። ወንዝ ላይ ሦስቱም ስሕተት ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ይገድላል።

እነዚህን ሦስት ልማዶች ማረም የሚቻለው መሬት ላይ ሳላችሁ ነው። የያካጌኒ ወንዝ የታችኛው ክፍል፣ ሎወር ያክ የሚባለው፣ መለማመጃ ጊዜ አይሰጥም። ጀልባው ውኃ የሚነካው ከኦሃዮፓይል ፏፏቴ ሥር ነው፤ ጥቂት እንደቀዘፋችሁ «ኢንትራንስ» የሚባለው ነጭ ውኃ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ተከትሎም «ኩከምበር» ይመጣል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ የሚሆነው ከወንዙ ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። እሱን ዘልላችሁ ወደ ደረጃ 6 አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ ወንዙንና ቀኑን መምረጥ

ወንዞች ለጀልባ ባላቸው አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 ይመደባሉ። 1 ለስለስ ያለ ፍሰት ነው፤ 6 ሊሞከር የማይገባው ነው ቢባል ይቀላል። ሎወር ያክ በተለመደው የሰመር ውኃ መጠን የአስቸጋሪነቱ ደረጃ 3 ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ከዚያም ከፍ ይላል። ደረጃ 3 ማለት ማዕበሉ ወጥ ያልሆነ፣ ጀልባውን በድንጋዮች መካከል እየጠመዘዙ ማሳለፍን የሚጠይቅ ውኃ ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ መወሰድ እዚያ ላይ ያበቃል።

1. ርዝመቱን እወቁ። ከኦሃዮፓይል እስከ መውጫው ብሩነር ረን ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ የክንድና የወገብ ሥራ ነው።
2. ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሏችሁ ሎወር ያክን ተዉት። ኮንፍሉዌንስ ከምትባለው ከተማ እስከ ኦሃዮፓይል ያለው መካከለኛው ክፍል ረጋ ያለ ስለሆነ ለቤተሰብ የሚሆነው እሱ ነው።
3. የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ ያለ ጋይድ (ወንዙን የሚያውቅ መሪ) ጀልባ አትከራዩ። ስትመዘገቡም «ጋይዱ እኛ ጀልባ ውስጥ ይቀመጣል ወይስ በሌላ ጀልባ ይከተለናል?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ወንዝ ላይ ጋይዶች በሌላ ጀልባ ወይም በካያክ (በጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) ሆነው እናንተን ብቻችሁን የሚያስቀዝፉበት አሠራር የተለመደ ነው። አብሯችሁ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።
4. በጉዞው ቀን ጠዋት የወንዙን መጠን ጠይቁ። የደረጃው ቁጥር ድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም። ውኃው ከፍ ሲል ተለያይተው የነበሩት ነጭ ውኃዎች ይያያዛሉ፤ የወደቀ ሰው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ያንሳል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ጠዋት ድንጋይ ተረማምደን የተሻገርነው ወንዝ በክረምት ከሰዓት በኋላ በቅሎ ይወስዳል።

ማን አይሂድ፦ ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ትከሻው በቀላሉ የሚወልቅ ሰው፣ ማታ ሲጠጣ ያደረ ሰው። ዋና አለመቻል ብቻውን አያስቀርም፤ ግን ለጋይዱ ቀድሞ መነገር አለበት። ብዙዎቻችን «ወንዝ እንዳትገባ» እየተባልን ያደግን ነን፤ ዋና አለመቻልን መናገር ሊያሳፍረን አይገባም። ጋይዱ የት እንደሚያስቀምጣችሁና ገመድ ለማን ቀድሞ እንደሚወረውር የሚወስነው ይህን አውቆ ነው።

ደረጃ 2፦ ከሳምንት በፊት፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ

ይህን ደረጃ የሚያደርግ ሰው አላጋጠመኝም ብል አልዋሸሁም። ሆኖም ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። ላይፍ ጃኬት ተዋሱ፣ አቅራቢያችሁ ያለ ገንዳ ካስፈቀዳችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

1. ጃኬቱን አጥብቃችሁ ልበሱና ጠልቆ በማያሰጋ ቦታ ውኃው ላይ በጀርባችሁ ተኙ። መጀመሪያ እግር ይሰምጣል። ሆዳችሁን ወጠር አድርጋችሁ የጫማችሁ ጫፍ ከውኃው በላይ እስኪታያችሁ ድረስ አንሱት። ይህ አቀማመጥ ደረጃ 8 ላይ ሕይወታችሁን ይጠብቃል።
2. ጓደኛችሁ ፊታችሁ ላይ ውኃ ይርጭ። አፍ ዘግታችሁ ጠብቁ፣ ሲያቆም ተንፍሱ። ውኃ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ የሚመጣውን ድንጋጤ ወንዙ ላይ ከማየት እዚህ ማየት ይሻላል።
3. ከጀርባችሁ ተገልብጣችሁ በደረታችሁ ሁኑና አሥር ጊዜ ያህል በኃይል ዋኙ። መዋኘት የማትችሉም ብትሆኑ እጃችሁን እየቀዘፋችሁ እግራችሁን ምቱ፤ ጃኬቱ ይሸከማችኋል።

ደረጃ 3፦ ልብስና ዕቃ

- ጥጥ አትልበሱ። ጂንስና ቲሸርት ውኃ ይዞ ይከብዳል፣ ሰውነት ያቀዘቅዛል። ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ልበሱ። የያካጌኒ ውኃ ከላይ ካለው ግድብ ሥር ስለሚለቀቅ በሞቃት ቀንም ይበርዳል።
- ጫማ የሚታሰር ይሁን፤ ያለቀ ስኒከር ጥሩ ነው። ሸበጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ ባዶ እግር አይሆንም።
- መነጽር በገመድ ይታሰር። ቀለበት፣ ሐብልና ትልልቅ ጉትቻ መኪና ውስጥ ይቅሩ። ሹሩባ ወይም ረጅም ፀጉር ከሄልሜቱ ሥር ዝቅ ብሎ ይታሰር።
- ስልክ አትያዙ። ቪዲዮ ለመቅረጽ አንድ እጅ ያነሳ ሰው ጀልባውን አንድ ቀዛፊ አሳጥቷል።
- ደረቅ ልብስና ፎጣ መኪና ውስጥ ተዉ። ከመሳፈራችሁ ከሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ብሉ፤ ባዶ ሆድ በብርድ ውኃ ላይ ቶሎ ያደክማል።

ደረጃ 4፦ ዳር ላይ፣ ጃኬትና ሄልሜት

1. የጃኬቱን ማሰሪያዎች ከታች ወደ ላይ አጥብቁ። ወገብ ላይ ያለው መጀመሪያ ይጠብቅ።
2. ሌላ ሰው ሁለቱን የትከሻ ማሰሪያዎች ይዞ በኃይል ወደ ላይ ይሳብ። ጃኬቱ አገጫችሁን አልፎ ወደ አፍንጫችሁ ከወጣ ልል ነው። እንደገና አጥብቁ፤ አሁንም ከወጣ ትንሽ ቁጥር ጠይቁ። ወደ ጀልባ የሚጎትቷችሁ በእነዚህ ማሰሪያዎች ነው፤ ልል ጃኬት በሚጎትቷችሁ እጅ ላይ ይቀርና እናንተ ውኃ ውስጥ ትቀራላችሁ።
3. ሄልሜቱ ግንባራችሁን ይሸፍን። ራሳችሁን ስትነቀንቁ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፣ ብቻውን መዞር የለበትም።
4. ጃኬቱ ላይ የተንጠለጠለ የላላ ገመድ ወይም ቀበቶ ካለ ወደ ውስጥ አስገቡ። ውኃ ውስጥ ያለ ቅርንጫፍ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው።

ደረጃ 5፦ አቀማመጥ፣ መቅዘፊያና ትእዛዝ

ጀልባውን ደረቅ መሬት ላይ አድርጋችሁ ይህን ሁሉ ተለማመዱ። ሰው እያየን ያሳፍረናል ብላችሁ አትተዉት።

*አቀማመጥ።* ጀልባው ውስጥ ሳይሆን የውጨኛው የተነፋ ቱቦ ላይ ትቀመጣላችሁ። የፊት እግራችሁን ከፊታችሁ ጀልባውን አቋርጦ ከተዘረጋው ቱቦ ሥር አስገቡ። እንዲይዛችሁ ያህል ብቻ ይግባ፤ ስትወድቁ ራሱ ተንሸራቶ መውጣት አለበት። እግር ሳያስገቡ ጫፍ ላይ የተቀመጡ ሰዎች የመጀመሪያው ማዕበል ላይ ይወርዳሉ።

*መቅዘፊያ።* ጫፉ ላይ የቲ ቅርጽ ያላት እጀታ አለች። አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ እሷን ይሸፍን፣ ሌላው ከታች ወደ ምላሱ (ውኃ ውስጥ ወደሚገባው ጠፍጣፋ ጫፍ) አካባቢ ይያዝ። ያልተያዘች እጀታ የጎረቤትን ጥርስ ታወልቃለች፤ ጋይዶች ከማዕበሉ ይልቅ ይህችን ነገር ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስትቀዝፉ ከወገባችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ምላሱን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ክተቱ፣ በክንድ ብቻ ሳይሆን በመላ አካላችሁ ሳቡ። ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ ምቱን ይመራሉ፤ ሌላው እነሱን እያየ እኩል ይቀዝፋል።

*ትእዛዝ።* የወንዙ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ነጭ ውኃ እየጮኸ ለመተርጎም ጊዜ የለም። እነዚህን ድምፃቸውን ስትሰሙ እጃችሁ ቀድሞ እስኪሠራ ድረስ ልመዱ፦

- «ፎርዋርድ»፦ ሁሉም ወደ ፊት ይቀዝፋል።
- «ባክ ፓድል»፦ ሁሉም ወደ ኋላ ይቀዝፋል።
- «ሌፍት ባክ»፦ በግራ ያሉት ወደ ኋላ፣ በቀኝ ያሉት ወደ ፊት። ጀልባው ወደ ግራ ይዞራል። «ራይት ባክ» ተቃራኒው ነው።
- «ስቶፕ»፦ መቅዘፍ አቁሙ፣ መቅዘፊያውን ጭናችሁ ላይ አሳርፋችሁ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ።
- «ጌት ዳውን»፦ ወደ ጀልባው ወለል ውረዱ፣ በአንድ እጅ ገመድ በሌላው የመቅዘፊያውን እጀታ ያዙ።
- «ሃይ ሳይድ»፦ ወደ ድንጋዩ ዝለሉ። ይህ ደረጃ 7 ላይ ይብራራል።

የተለመደ ስሕተት፦ ጀልባው ውስጥ አራት ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ። ጋይድ አብሯችሁ ካልተቀመጠ ከመነሳታችሁ በፊት ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ሰው ምረጡ፤ የሚያዘው እሱ ብቻ ነው። የተሳሳተ ትእዛዝ ቢሰጥም እኩል ከታዘዛችሁት ጀልባው ይሄዳል። ግማሹ ወደ ፊት ግማሹ ወደ ኋላ ከቀዘፈ ግን ጀልባው በጎኑ ዞሮ ይቆማል።

ደረጃ 6፦ ነጭ ውኃው ውስጥ መግባት

1. ከመግባታችሁ በፊት እዩ። ውኃው በሁለት ድንጋዮች መካከል እንደ ምላስ ለስልሶ፣ ጫፉ ወደ ታች ሾጥጦ የሚወርድበት ቦታ አለ፤ መግቢያው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጫፉ ወደ እናንተ የሚያመለክት ቅርጽ ካያችሁ ግን ከሥሩ ድንጋይ አለ።
2. ጀልባውን ገና ጸጥ ያለው ውኃ ላይ ሳላችሁ አስተካክሉ። አፍንጫው ማዕበሉን ፊት ለፊት ይግጠም። ነጭ ውኃ ውስጥ ገብቶ ለማስተካከል መሞከር የዘገየ ሥራ ነው።
3. ፍጥነት ያዙ። ከውኃው ፍጥነት የሚበልጥ ጀልባ ይታዘዛል፤ ከውኃው ጋር እኩል የሚንሳፈፍ ጀልባ ውኃው ወደወደደው ይሄዳል።
4. ማዕበሉ ፊታችሁ ሲቆም ቅዘፉ። ሲመታችሁም ቅዘፉ። ዓይናችሁ ውኃ ሞልቶት ምንም ባይታያችሁም ምላሱን ውኃ ውስጥ ክተቱና ሳቡ።

አራተኛው ላይ ቆም ልበል፣ ሁሉም ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። መቅዘፊያ ጀልባ መግፊያ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ውስጥ ሲሆን ምርኩዝ ነው። በሐምሌ ጭቃ ቁልቁለት የሚወርድ ሽማግሌ ምርኩዙን መሬት ተክሎ እንደሚይዘው ሁሉ፣ ውኃው ውስጥ የተተከለ መቅዘፊያ የእናንተን ክብደት ይቀበላል። አየር ላይ ሲነሳ ግን የሚይዛችሁ ነገር የለም።

የመጀመሪያ ጊዜዬ ላይ ኢንትራንስን ስንገባ ስድስት ነበርን። ከፊታችን አረንጓዴ ውኃ ጎድጎድ ብሎ ከኋላው ነጭ ግድግዳ ቆመ። አንዱ «ኧረ በስመ አብ!» አለ፣ እና ስድስታችንም በአንድ ጊዜ መቅዘፊያችንን ደረታችን ላይ አቅፈን ጎንበስ አልን። ጀልባው ዝም አለ። የዝምታው ነገር አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ውኃው እየጮኸ እኛ ግን የቆምን ያህል ነበር። አፍንጫው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ማዕበሉ በጎን ገባ፣ እኔና ከኋላዬ የተቀመጠችው ልጅ ውኃ ውስጥ ነበርን። ከዚያ ወዲህ አብሬ የምሄደውን ሰው ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍሩ፣ ጩኹ፣ ግን እየቀዘፋችሁ።

ጀልባው በጎኑ ከዞረ፦ ተስፋ አትቁረጡ። የሚያዘው ሰው አንድ ትእዛዝ ይስጥ፣ ሁለት ሦስት የጠነከረ ምት አፍንጫውን ይመልሰዋል። ማዕበሉ ከደረሰባችሁ ግን «ጌት ዳውን»፤ ዝቅ ያለ ክብደት በቀላሉ አይገለበጥም።

ጀልባው ውኃ ከሞላ፦ ጸጥ ያለው ቦታ ላይ በባልዲ አውጡ። ውኃ የተሸከመ ጀልባ ትእዛዝ አይሰማም።

ደረጃ 7፦ ድንጋይ ሲመጣ

ጀልባው በጎኑ ድንጋይ ሊመታ ሲል ሰውነታችሁ ከድንጋዩ ሸሽቶ ውኃው ወደሚመጣበት ወገን ማዘንበል ይፈልጋል። ከሸሻችሁ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ክብደታችሁ ያረፈበት ቱቦ ዝቅ ይላል፣ የሚመጣው ውኃ ከላዩ ይገባል፣ የወንዙ ግፊት ጀልባውን አቁሞ ድንጋዩ ላይ እንደ ነጠላ ያጣፋዋል። ከዚያ የሚያላቅቀው የሰው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ገመድና መጎተቻ ይጠይቃል።

1. «ሃይ ሳይድ!» ሲባል፣ ወይም ማንም ሳይል ጀልባው በጎኑ ድንጋይ ሲነካ፣ ሁላችሁም ወደ ድንጋዩ ዝለሉ።
2. ደረታችሁን ድንጋዩ በኩል ባለው ቱቦ ላይ ጣሉ። ድንጋዩን የምታቅፉት ይመስል።
3. እጅና እግር በጀልባውና በድንጋዩ መካከል አታስገቡ።
4. ጀልባው ሲረጋ ጋይዱ ወይም አዛዣችሁ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጫፍ ያንቀሳቅሳችሁ። ክብደት ከአንዱ ጫፍ ሲነሳ ውኃው ያንን ጫፍ ይዞ ያዞርላችኋል።

ደረጃ 8፦ ከወደቃችሁ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

1. ስትወርዱ አፋችሁን ዝጉ። ጃኬቱ አንድ ሁለት ሰከንድ ወስዶ ያወጣችኋል። ማዕበል አናት ላይ ውኃ ይመታችኋል፣ በሁለት ማዕበሎች መካከል አየር አለ። እዚያ ተንፍሱ።
2. ጀልባው በእጅ ርቀት ላይ ከሆነ ዙሪያውን የታሰረውን ገመድ ያዙ። ግን በጀልባውና በድንጋይ መካከል በፍጹም አትሁኑ፤ ውኃው በሚመጣበት ወገን ሁኑ።
3. ጀልባው ከራቀ በጀርባችሁ ተኙ፣ እግር ወደ ታች ወደሚሄደው ውኃ፣ የእግር ጣታችሁ ከውኃው በላይ ይታይ። ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ድንጋይ ሲመጣ በእግር ትገፉታላችሁ። መቀመጫችሁን ከፍ አድርጉ።
4. ዝም ብላችሁ አትወሰዱ፤ ዳርና ዳሩን ፈልጉ። ከትልቅ ድንጋይ በስተጀርባ ውኃው የሚረጋበት፣ አንዳንዴም ወደ ላይ የሚመለስበት ቦታ አለ፤ ጋይዶቹ «ኤዲ» ይሉታል። ሲደርስ በደረታችሁ ተገልበጡና ወደዚያው በሰያፍ በኃይል ዋኙ።
5. አትቁሙ። ውኃው እስከ ወገብ ብቻ ቢሆንም አትቁሙ። መቀመጫችሁ ወለል እስኪነካ ድረስ ተኝታችሁ ቆዩ፤ ከዚያ ተቀመጡ፣ ከዚያ ተነሱ።

ለምን እንደማይቆም ልንገራችሁ። የወንዝ ወለል የተደለደለ አሸዋ አይደለም፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ድንጋይ ነው። ስትቆሙ እግር በሁለት ድንጋዮች መካከል ይገባል። ወንዙ ጀርባችሁን መግፋቱን አያቆምም፤ ወደ ፊት ያስጎነብሳችሁና ፊታችሁን ውኃው ሥር ይይዘዋል። ጃኬት፣ የዋና ችሎታ፣ ጉልበት እዚያ ላይ ብዙም አያወጡም።

ኢንትራንስ ላይ የወደቅኩ ጊዜ ጫማዬ ድንጋይ ነካ። «ተመስገን፣ መሬት አገኘሁ» ብዬ ቆምኩ። ወዲያው ግራ ተረከዜ ተንሸራቶ ሁለት ድንጋዮች መካከል ገባና ተያዘ። ውኃው ደረቴ ድረስ ነበር፤ ጀርባዬን እንደ ሰው መዳፍ ይገፋኛል። ከካያኩ ላይ ያለው ጋይድ «ፊት አፕ! ፊት አፕ!» (እግር ወደ ላይ!) እያለ በእንግሊዝኛ ይጮኻል፣ ምን እንደሚል ገብቶኛል፣ ግን የተያዘ እግር አይነሳም። ውኃው ወደ ጎን ሲያንገዳግደኝ ነው የተላቀቀው፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የተላጠው ቆዳ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ያዳነኝ እውቀቴ አይደለም። ለዚህ ነው ገንዳ ውስጥ ሄዳችሁ እግር ማንሳትን ልመዱ ብዬ የምጨቀጭቃችሁ።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎች፦

- *ውኃ ላይ የወደቀ ዛፍ።* ውኃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ እናንተ ግን አታልፉም። አስቀድማችሁ ካያችሁ በሙሉ ኃይል ዋኝታችሁ ራቁ። መራቅ ካልተቻለ በጀርባችሁ እግር አስቀድማችሁ አትሂዱ፤ በደረታችሁ ተገልብጡ፣ በጭንቅላት በኩል እየዋኛችሁ ቅረቡ፣ ግንዱን በእጃችሁ ተጭናችሁ ወደ ላዩ ውጡ።
- *ወደ ኋላ የሚመለስ ውኃ።* ከድንጋይ ላይ የወደቀ ውኃ ተመልሶ የሚሽከረከርበት ቦታ ሰው ይይዛል። ወደ ላይ ወደ ፏፏቴው ጫፍ አትታገሉ፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ዋኙ።

ደረጃ 9፦ ገመድ ሲወረወርላችሁ

1. ወርዋሪው «ሮፕ!» ብሎ ይጮኻል። ዓይናችሁን እሱ ላይ አድርጉ።
2. የያዛችሁት ገመዱን ይሁን፣ ከረጢቱን አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ያልተዘረጋ ገመድ ስላለ ይዞ ይወርዳል።
3. በሁለት እጅ ደረታችሁ ላይ ያዙት፣ ገመዱን በአንድ ትከሻችሁ ላይ አሳልፋችሁ ጀርባችሁን ወደ ወርዋሪው ስጡ። ፊታችሁን ብትሰጡት ውኃው ፊታችሁ ላይ ይከመራል።
4. እጃችሁ ላይ፣ አንገታችሁ ላይ፣ ወገባችሁ ላይ አትጠምጥሙት። ገመዱ የሆነ ቦታ ቢያዝ መልቀቅ መቻል አለባችሁ።
5. ወርዋሪው ይቆማል፤ እናንተ እንደ ፔንዱለም ወደ ዳር ትወዛወዛላችሁ። የሚጎትተው ወንዙ ራሱ ነው።

ገመዱ ካመለጣችሁ ወደ እሱ እየዋኛችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።

ደረጃ 10፦ የወደቀን ሰው ወደ ጀልባ ማውጣት

የወደቀ ሰው ክንድ አትጎትቱ፤ ትከሻ ይወልቃል። መቅዘፊያችሁን እጀታው ወደ እሱ ሆኖ ዘርጉለት፤ ሲቀርብ ፊቱን ወደ ጀልባው አዙሩት። ሁለቱን የጃኬት ትከሻ ማሰሪያ ያዙ። ጉልበታችሁን ቱቦው ላይ ደግፉ፣ አንድ ጊዜ ትንሽ ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ጃኬቱ ብድግ ያደርገዋል፤ በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ ውደቁ። አብሯችሁ ጀልባው ወለል ላይ ይወድቃል። ግብግቡ አያምርም፣ ግን ይሠራል። ሌሎቹ ይህን እያዩ አይቀመጡ፤ ይቅዘፉ። አንዱን ለማውጣት አምስታችሁም ብትዞሩ ቀጣዩ ማዕበል ሁላችሁንም በጎን ያገኛችኋል።

ደረጃ 11፦ ጀልባው ከተገለበጠ

ጀልባው ሥር ከወጣችሁ ጨለማ ይሆናል፤ ትንሽ አየር ሊኖር ይችላል፣ ግን አትቆዩበት። እጃችሁን ከላያችሁ ባለው ወለል ላይ አሳርፉና እጅ በእጅ እየተካችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ። አቅጣጫ የሚቀያይር ሰው መሃል ላይ ይቀራል። ስትወጡ የዙሪያውን ገመድ ያዙ፣ ጓደኞቻችሁን ቁጠሩ፣ የጎደለ ካለ ስሙን ሳይሆን «አንድ ይጎድላል» ብላችሁ ለጋይዱ ጩኹ። መቅዘፊያ ከያዛችሁ አትልቀቁት፤ ጀልባው ሲስተካከል ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 12፦ ዲምፕል ሮክ

መንገዱ መሃል ላይ ከሌሎቹ የሚለይ አንድ ድንጋይ አለ። ዲምፕል ሮክ ይባላል፤ ፍሰቱ በቀጥታ ወደ እሱ ይገፋል። መደበኛ ድንጋይ ፊት ላይ ውኃ እንደ ትራስ ይከመራል፣ ጀልባውንም ይገፋል። ይህ ግን ከሥሩ የተቦረቦረ ነው፤ ውኃው በሥሩ ይገባል። ሰዎች ሞተውበታል።

1. ጋይዶቹ ከዚህ በፊት ያስቆሙና መስመሩን ያሳያሉ። ሲያብራሩ ዝም በሉ፣ ያልገባችሁን በአማርኛም ቢሆን እርስ በርስ ተጠያየቁ።
2. የጠቆሟችሁን መስመር ለመያዝ ሙሉ ኃይላችሁን ከመድረሳችሁ በፊት ተጠቀሙ። ድንጋዩ አጠገብ ደርሶ መቅዘፍ የለም።
3. ድንጋዩ ጋር ከመድረሳችሁ በፊት ከወደቃችሁ በጀርባ ተኝታችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ተገልብጣችሁ ከድንጋዩ ራቁ።
4. ቡድናችሁ ደክሞ ከሆነ፣ አንድ ሰው እየተንቀጠቀጠ ከሆነ፣ ወይም ቀደም ባሉት ላይ ደጋግማችሁ ከወደቃችሁ በእግር ማለፍ እንደምትፈልጉ ለጋይዱ ንገሩት። ማንም አይስቅባችሁም፤ የሚስቅ ካለ አብራችሁት አትሂዱ።

መሃል ላይ መተው ከፈለጋችሁ

የመጀመሪያው ክፍል «ሉፕ» ይባላል። ወንዙ የፈርንክሊፍን ልሳነ ምድር ይዞራትና የባቡር ሐዲድ ድልድይ በነበረው፣ አሁን የብስክሌት መንገድ በሆነው አጠገብ ወደ ከተማዋ ተጠግቶ ይመለሳል። እዚያ ላይ በእግር ወደ ኦሃዮፓይል መውጣት ይቻላል። የተጎዳ፣ ብርድ የያዘው ወይም በቃኝ ያለ ሰው ካለ ውሳኔው እዚህ ይሁን፤ ከዚህ ካለፋችሁ በኋላ መውጣት ይከብዳል። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ቃል የሚጎተትበት፣ መቅዘፊያ መጨበጥ ያቃተው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም አትመኑት። እርጥቡን ልብስ አስወልቁት፣ ደረቅ ነገር አልብሱት፣ ጣፋጭ ነገር ስጡት።

መውጫው ላይ

ብሩነር ረን ስትደርሱ ጀልባውን ሙሉ በሙሉ ከውኃ ካወጣችሁ በኋላ ነው ጃኬትና ሄልሜት የሚወልቀው፤ የዳር ድንጋይ ያዳልጣል፣ የደከመ እግር ደግሞ ይበልጥ። ከመውጫው መኪና ማቆሚያ ወዳለበት ኦልድ ሚቸል ፕሌስ የሚያደርስ ሸትል (የሚያመላልስ አውቶቡስ) አለ፤ በራሳችሁ የመጣችሁ ከሆነ መኪና እዚያ አስቀምጣችሁ መሆን አለበት። ወደ ዲሲ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ መንዳት ይቀራችኋል። ክንዱ ያልዛለ፣ ውኃ ውስጥ ያልገባ ሰው ይንዳ፤ ለዚህ የሚሆነውን ሰው ጠዋት ስትነሱ ምረጡት።